ለሽማግሌ ጥላ፥ ለልጅ ሜዳ

ቦንጋ በካፋ ዞን በኰረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ጅማን አልፎ፥ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ እርስዋ ይደርሳል፤ መንገዱም 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አገሩ ዝናብ የማይለየው ስለ ሆነ ኰረብታውም ሸለቆውም ዓመቱን ሁሉ ለምለም ነው። ቡና በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይተክለው በቅሎ ይገኛል፤ በካፋ ቋንቋ ስሙ «ቡኖ» ነው። ኮረሪማና ጥምዝ ከጫካው ይለቀማሉ፤ ማርም በረዥም ዛፍ ላይ ከተሰቀለ ቀፎ ይቈረጣል። በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የካፋን ጫካና አገር በዓለም ከሚጠበቁት የባዮስፌር ሥፍራዎች አንዱ አድርጎ መዘገበው። ስፋቱ ከ700,000 ሄክታር ይበልጣል፤ አንድ ሄክታር ማለት ርዝመቱም ስፋቱም መቶ መቶ ሜትር የሆነ መሬት ነው።

እንግዲህ ለእንደዚህ ያለች ከተማ የሕዝብ መናፈሻ ያስፈልጋታልን? ብዙ ሰዎች ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ይሥቃሉ። «በጫካ መካከል ተቀምጦ ዛፍ መትከል ምን ማለት ነው? በወንዝ ዳር ጕድጓድ እንደ መቈፈር ነው» ይላሉ። ይህ አነጋገር ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን አይደለም። የጫካው ስፋት በሄክታር ይቈጠራል፤ መናፈሻ ግን የሚለካው በሽማግሌ እግር ነው። ጕልበታቸውን የሚያማቸው የሰባ አምስት ዓመት ባልቴት ጫካው በዐሥር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ መኖሩ ምንም አይጠቅማቸውም። የስድስት ዓመት ልጅም ብቻውን ወደዚያ እንዲሄድ እናቱ አትፈቅድለትም። ለእነዚህ ለሁለቱ ሰዎች ያለው አገር ከቤታቸው ደጅ ጀምሮ እስከ ሁለት መቶ ወይም ሦስት መቶ እርምጃ ድረስ ያለው ብቻ ነው። በዚህ መካከል ጥላና መቀመጫ ከሌለ፥ የዓለም ሁሉ ጫካ ቢከባቸው እንደ ሌለ ነው።

ደግሞም «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይባላል። ጫካ በጎረቤቱ ያለ ሰው ዛፍን እንደ ጌጥ አያየውም፤ ማገዶና ማገር አድርጎ ያየዋል። ስለዚህ በብዙ የደን አገር ከተሞች ውስጥ ዛፍ የሌለበት ደረቅ መንገድ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

መናፈሻ የሚለው ቃል የወጣው ነፈሰ ከሚለው ነው፤ ሰው ወጥቶ ነፋስ የሚቀበልበት ሥፍራ ማለት ነው። ስሙ ለጆሮ አዲስ ቢመስልም ነገሩ በኢትዮጵያ የቈየ ነው። በብዙ አገር ሕዝቡ ለሸንጎና ለዕርቅ የሚሰበሰበው በዋርካ ጥላ ሥር ነበር፤ ዋርካውንም ማንም አይቈርጠውም ነበር። የካፋ ሰዎችም ከጥንት ጀምሮ «ጉዶ» የሚሏቸው የተከበሩ የጫካ ሥፍራዎች ነበሯቸው፤ በእነዚያ ሥፍራዎች ዛፍ መጣል ነውር ነበር። የጫካውንም ክፍል በቤተ ሰብ እየለዩ የሚይዙበት «ቆቦ» የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። ጫካው እስከ ዛሬ የቈየው በዝናቡ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ሰዎቹ የሚነካውንና የማይነካውን ለይተው ስላወቁ ነው። በዛሬው የባዮስፌር ሥርዓትም እንዲሁ ነው፤ መካከለኛው ሥፍራ እንዳይነካ ይጠበቃል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ባለው ሥፍራ ሰዎች ቡና ይለቅማሉ፥ ማር ይቈርጣሉ፤ በውጭው ሥፍራ ይኖራሉ፥ ያርሳሉ። ከተማም በራስዋ ውስጥ እንዲህ ያለ የማይነካ መሬት ብትለይ ከውጭ አገር የተዋሰችው ሥርዓት አይደለም።

ነገሩን አስቸኳይ የሚያደርገው ሌላ ምክንያት አለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በተመሠረተ ጊዜ ቦንጋ ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆነች። የክልል መቀመጫ የሆነች ከተማ መሥሪያ ቤት ትፈልጋለች፤ ሠራተኛውም ቤት ይፈልጋል፤ ነጋዴውም መጋዘንና ሱቅ ይፈልጋል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችም ከየአገሩ ይመጣሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁሉም የሚሠራው በመሬት ላይ ነው፤ መሬትም አይጨምርም። በኢትዮጵያ የከተማ ፕላን ደንብ ከከተማው መሬት ከመቶው 30 ለመንገድ፥ 30 ለአረንጓዴና ለሕዝብ መጠቀሚያ፥ 40 ለቤትና ለሕንፃ ይሁን ተብሎ ተመድቧል። በወረቀት ላይ አረንጓዴ ቀለም መቀባት ቀላል ነው። ነገር ግን ቀለሙ አጥር አይሆንም። አንድ ሰው ቆርቆሮ ተክሎ አጥር ካበጀ በኋላ «ይህ የልጆች ሜዳ ነበረ» ብሎ መከራከር የዓመታት ሥራ ይሆናል፤ በዚያም መካከል ልጆቹ ያድጋሉ።

በዚህ ነገር ቋንቋም ጥፋት ያደርጋል። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትን፥ ሴቶች እህል የሚያሰጡበትን፥ ሽማግሌዎች ፀሐይ የሚሞቁበትን ሥፍራ ሰዎች «ባዶ መሬት» ይሉታል። ባዶ ማለት ምንም የሌለበት ነው። ሃያ ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ ግን ባዶ አይደለም፤ ከመጋዘን ይልቅ ሙሉ ነው። ባዶ ተብሎ የተጠራ መሬት ቶሎ ይሰጣል፤ ሜዳ ወይም መናፈሻ ተብሎ የተጠራ ግን ሰጪውን ጥቂት ያሳፍረዋል። ስለዚህ ስም ማውጣት ከመትከል በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።

አሁን የሽማግሌዎቹን ቍጥር መመልከት ይገባል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቈጠራ በቦንጋ ከተማ ከ20,000 የሚበልጡ ሰዎች ተገኙ። በኢትዮጵያ ሁሉ ከመቶው ሰው 5 ያህሉ ዕድሜው 60 ዓመት የሞላው ነበረ። ይህ ልክ በቦንጋም ቢሠራ በዚያን ጊዜ አንድ ሺህ ያህል አረጋውያን ነበሩ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማይቱ አድጋለች። አንድ ሺህ ሰው በአንድ ቀን በአንድ አደባባይ ቢሰበሰብ ሰው ሁሉ ያየዋል፤ በየቤቱ ማዕዘን ተለያይቶ ሲቀመጥ ግን አይታይም። ያልታየውም ሰው በፕላን አይገባም።

ለምሳሌ አንድ ሽማግሌ በገጠር ሰባ ዓመት ኖረው፥ ሚስታቸው ስለ ሞተችባቸው ልጃቸው ወደ ከተማ አመጣቸው እንበል። ልጁ ደግ ነው፤ ምግባቸውን አያጐድልም፥ ልብሳቸውንም ያሳጥባል። ነገር ግን ጧት ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ሚስቱም ትሄዳለች፤ ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ሽማግሌው በገጠር ሳሉ ንቡን ይጠብቁ፥ ዝንጀሮውን ከማሳ ያባርሩ፥ ነገር የተጣላውን ያስታርቁ ነበር። በከተማ ግን ምንም ሥራ የላቸውም። ወደ ደጅ ወጥተው በድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ይገባሉ። አንድ ቀን የጎረቤት ልጅ ኳሱን ተከትሎ ወደ እርሳቸው ሮጠና እንዲህ አላቸው።

«አባባ፥ ይህ ዛፍ ማን ይባላል? መምህራችን የአምስት ዛፎች ስም ጽፋችሁ ኑ ብለውናል።»

«ይህማ ዋንዛ ነው፥ ልጄ። አበባውን ንብ ይወደዋል፤ ከእንጨቱም ከበሮ ይጠረባል።»

«ያ ማዶ ያለውስ?»

«ያን ዐይኔ አያየውም። ቅጠሉን አምጣልኝና ልንገርህ።»

ልጁ ሮጦ ቅጠሉን አመጣ። ሽማግሌው በእጃቸው ዳሰሱት፥ አሽተውም አሸተቱት። «ብሳና ነው» አሉ። «ቅጠሉ ሲያረጅ እንደ ብርቱካን ይቀላል፤ ዛፉን የምታውቀው በዚያ ነው። ዝግባን ታውቃለህ? ቀረሮን ታውቃለህ?» ልጁ አያውቅም ነበር። ሦስተኛውን ስም ሳይጽፍ ግን መኪና ጥሩምባውን ነፋ፤ የተቀመጡበት ከመንገዱ ዳር ነበርና ሽማግሌው ተነሥተው ገቡ፥ ልጁም ኳሱን ይዞ ሄደ።

በዚህ ምሳሌ ማንም ክፉ ሰው የለም። ልጁም፥ ሽማግሌውም፥ ባለ መኪናውም ጥፋት የለባቸውም። የጐደለው ለጥቂት ጊዜ አብሮ መቀመጫ የሚሆን ሥፍራ ነው። በገጠር የአንድ ሰው ዕውቀት ለልጅ ልጁ የሚተላለፈው በሥራ ላይ ሳሉ አብሮ በመዋል ነበር፤ በከተማ ሥራው ስለ ተለያየ አብሮ መዋያው በሌላ መንገድ ካልተበጀ የዛፉ ስም ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል። የዝግባን ስም ያላወቀ ልጅም አድጎ ሹም በሆነ ጊዜ ዝግባው እንዳይቈረጥ የሚያዝንበት ምክንያት አይኖረውም።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ በሌላ በኩል ይቃወማሉ። «ሽማግሌን መርዳት የልጆቹ ዕዳ ነው። ከተማው ለሽማግሌ ቤትና አገልግሎት ካበጀ ልጆች አባት እናታቸውን ይጥላሉ፤ ይህም የፈረንጅ ልማድ ነው» ይላሉ። ይህ ተቃውሞ ከቀድሞው ይልቅ ክብደት አለው፤ በቸልታ ሊታለፍ አይገባውም። በእውነትም ልጅ ወላጁን መጦር ይገባዋል። ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ የመጣው መጦር ከሚለው ነው፤ አስቀድሞ የልጅ ሥራ ስም ነበረ። በኋላ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ በወጣ ጊዜ መንግሥት ይህን ቃል ተዋሰው፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ለግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ወጣ። ነገር ግን ይህ ሁሉ ደመወዝ ለነበረው ሰው ነው። በካፋ አገር ዕድሜያቸውን ሁሉ ቡና ሲለቅሙ፥ እንሰት ሲፍቁ፥ ማር ሲቈርጡ የኖሩት ሰዎች የጡረታ ደብተር የላቸውም። ልጅ ያላቸው በልጃቸው ይጦራሉ፤ ልጅ የሌላቸው፥ ወይም ልጃቸው ራሱ ድኻ የሆነባቸው፥ ጧሪ ቀባሪ አጡ ይባላል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይርዳ ብሎ የጻፈው ለእነዚህ ነው። በአዲስ አበባ የተመሠረተው መቄዶንያ የሚባለው የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ከመንገድ አንሥቶ መያዙ ችግሩ ተረት አለመሆኑን ያስረዳል።

ጧሪ ላለው ሽማግሌ ግን ከተማው የሚያበጀው አገልግሎት የልጁን ሥራ አይወስድበትም። ልጁ እንጀራውን ይሰጣል፤ ጓደኛን ግን ሊሰጥ አይችልም። የሰባ ዓመት ሰው ጓደኛው የሰባ ዓመት ሰው ነው፤ የሚያስታውሱትም ዘመን አንድ ነው። በአሜሪካ በኒውዮርክ ከተማ በ1943 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ለሽማግሌዎች የመጀመሪያው የቀን መዋያ የተከፈተው በዚህ ምክንያት ነበር። የርዳታ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ሽማግሌዎቹ ያለ ጕዳይ ሲመላለሱ አይተው ቢመረምሩ፥ የሚመጡት የሚያናግራቸው ሰው ፈልገው እንደ ሆነ አወቁ። ከዚያ በኋላ ወንበርና ጨዋታ ያለበት ክፍል አበጁላቸው። ነገሩ እጅግ ቀላል ነበር።

በጃፓን አገር ደግሞ ከ1928 ጀምሮ፥ ይህም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው፥ በሬድዮ የሚነገር የሰውነት ማሠልጠኛ አለ። በብዙ መንደር ሰዎች በማለዳ በመናፈሻ ተሰብስበው በሬድዮው ዜማ እጃቸውን ያነሣሉ፥ ወገባቸውን ያዞራሉ፤ በክረምት ዕረፍት ልጆች ከሽማግሌዎች ጐን ቆመው ይሠራሉ። አንድ ሬድዮና አንድ ሜዳ ብቻ ነው የሚፈልገው። የዓለም የጤና ድርጅት ሽማግሌዎችም ቢሆኑ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነታቸውን ያንቀሳቅሱ፥ እንዳይወድቁም ሚዛን የመጠበቅን ልምምድ ይሥሩ ብሎ ይመክራል፤ በጭቃ መንገድ ላይ ግን ይህን ምክር መፈጸም አይቻልም።

ስለ ዕድር መናገርም ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ ዕድር የሌለበት ሰፈር አይገኝም። ዕድሩ ድንኳን አለው፥ አግዳሚ ወንበር አለው፥ ብረት ድስትና ብርጭቆ አለው፤ ገንዘብ ያዥና ጸሐፊም አለው። ሽማግሌው በሞቱ ቀን ይህ ሁሉ ዕቃ ወደ ደጃቸው ይመጣል፤ ሰውም ሦስት ቀን በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ስለ እሳቸው ይነጋገራል። በሕይወት ሳሉ ግን ያ ወንበር በግምጃ ቤት ተቈልፎ ነበር። ይህን ነገር ያስተዋሉ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ያሉ አንዳንድ ዕድሮች ደንባቸውን አስፍተው በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎችና ሕሙማን መርዳት ጀምረዋል። የቦንጋ ዕድሮችም ወንበሩን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ አውጥተው በዛፍ ጥላ ሥር ቢደረድሩት፥ ቡናም ቢፈላ፥ ከተማይቱ ምንም ሕንፃ ሳትሠራ የሽማግሌዎች መዋያ አገኘች ማለት ነው። ቡና የተገኘበት አገር ለዚህ ሌላ ምክንያት አያስፈልገውም።

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ገደማ የዓለም የአረጋውያን ቀን ይከበራል፤ ቀኑን የተባበሩት መንግሥታት የወሰኑት በ1990 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው። በዚያ ቀን ሰልፍ አለ፥ ንግግር አለ፥ ጽሑፍ የታተመበት ካኔቴራም ይታደላል። ይህ አይነቀፍም። ካኔቴራው ግን መቀመጫ አይሆንም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። «ከተማው መንገድ አልጨረሰም፤ ውኃ አልበቃውም፤ መናፈሻ የሀብታም ነገር ነው» የሚሉ አሉ። በእንግሊዝ አገር በርከንሄድ በምትባል ከተማ በ1847 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ለሕዝብ ሁሉ ያለ ክፍያ ክፍት የሆነ መናፈሻ በከተማው ገንዘብ ተሠርቶ ተመረቀ። መሬቱ ረግረግ ነበር። የከተማው ሹማምንት መካከሉን ለመናፈሻ ትተው ዙሪያውን ለቤት መሥሪያ ሸጡት፤ ሰዎችም መናፈሻ ፊት ለፊት መኖርን ስለ ወደዱ በውድ ዋጋ ገዙት፤ በዚህም ወጪው ተካሰ። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ደግሞ በ1885 አንዲት ሴት ሐኪም በበርሊን ያየችውን ነገር ለከተማው ሰዎች ነገረቻቸው፤ እነርሱም ለድኻ ልጆች መጫወቻ አንድ ክምር አሸዋ አፈሰሱ። በዚያ አገር ከዚያ በኋላ በየከተማው የተስፋፋው የልጆች መጫወቻ ሁሉ የተጀመረው ከዚህ የአሸዋ ክምር ነው። ቦንጋ ከአሸዋ ክምር ልትጀምር ትችላለች።

በኢትዮጵያም በእነዚህ ዓመታት ታላላቅ መናፈሻዎች ተሠርተዋል። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም.፥ የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈቱ፤ ሐዋሳም በአሞራ ገደል የሐይቅ ዳር መናፈሻ አላት። አንድነት ፓርክ ለመግባት ገንዘብ ይከፈላል። አንበሳና የቀድሞ ቤተ መንግሥት ለማየት ከሩቅ ለሚመጣ እንግዳ ይህ ተገቢ ነው። በየቀኑ ለአንድ ሰዓት ለመቀመጥ ለሚመጡ ሽማግሌ ግን አምስት ብር እንኳ ብዙ ነው፤ በዓመት ሲቈጠር ከ1,800 ብር ይበልጣል። ስለዚህ የትንሽ ከተማ መናፈሻ በትልቅ ከተማ መናፈሻ ምሳሌ መሠራት የለበትም። ፏፏቴና የመብራት ጌጥ ለቦንጋ አያስፈልጋትም፤ ፏፏቴ በአገርዋ ሞልቷል።

ለቦንጋ የሚያስፈልጋት ሌላ ነው። አስቀድሞ ጣራ ያስፈልጋል፤ በዝናብ አገር ጣራ የሌለው መቀመጫ ለብዙ ወራት ከንቱ ነው። በገጠር እንደሚሠራው ያለ ግድግዳ የሌለው ሰፊ የሣር ወይም የቆርቆሮ ዳስ ይበቃል። ከዚህ ቀጥሎ መቀመጫው መደገፊያና ክንድ ማሳረፊያ ይኑረው፤ ሽማግሌ ከመቀመጫ የሚነሣው በእግሩ ሳይሆን በክንዱ ነውና። ከተማው ኰረብታማ ስለ ሆነ ደረጃ ከማብዛት ይልቅ መንገዱ እየተጠማዘዘ በዝግታ ይውጣ፤ በዳሩም የእጅ መያዣ እንጨት ይተከል። በኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ምርመራ ከዐይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ ከዐይን ሞራ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል፤ ስለዚህ የመንገዱ ዳርና ዳር በነጭ ኖራ ቢቀባ ዐይናቸው ለደከመ ሰዎች ትልቅ ርዳታ ነው፤ ኖራም ርካሽ ነው። የሚጠጣ ውኃና ንጹሕ መጸዳጃ ከሌለ ግን ሌላው ሁሉ ባይሠራ ይሻላል፤ መጸዳጃ የሌለበትን ሥፍራ ሽማግሌዎችና ሴቶች ትተውት ይሄዳሉና።

ዛፉም የአገሩ ዛፍ ይሁን። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፥ ለቤት ሥራም ይጠቅማል፤ ጥላው ግን ቀጭን ነው። ዋንዛ፥ ዝግባ፥ ቀረሮ፥ ብሳና፥ ከሥራቸውም ቡናና ኮረሪማ ቢተከል፥ በየዛፉም ላይ ስሙ በካፋ ቋንቋና በአማርኛ ተጽፎ ቢሰቀል፥ ሥፍራው ለተማሪዎች ሁለተኛ ክፍል ይሆናል። በድንጋይ ጠረጴዛ ላይ የገበጣ ጕድጓድ ቢቀረጽ ገንዘብ አያስወጣም፤ ገበጣ ልጅና ሽማግሌ በእኩልነት የሚሸናነፉበት ጨዋታ ነው፥ ብዙ ጊዜም ሽማግሌው ያሸንፋል። የኳስ ሜዳው ከዳሱ የሚታይ፥ ነገር ግን ኳሱ የማይደርስበት ርቀት ይኑረው። ለሰኞ ማክሰኞና ለገመድ ዝላይም ጠፍጣፋ መሬት ይለይ፤ ሜዳ በተሠራ ቍጥር ወንዶች ልጆች ለኳስ ይይዙትና ሴቶች ልጆች ዳር ቆመው ይቀራሉ፤ ይህ በብዙ አገር የታየ ነው። በሳምንት አንድ ቀን አንዲት የጤና ሠራተኛ መጥታ የደም ግፊት ብትለካ፥ ወደ ሆስፒታል መሄድ የሚያስፈልገውንም ብትመራ፥ ብዙ ሰው ሳይታመም ይተርፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጠባቂው ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ በኢትዮጵያ እጅግ ብዙ ችግኝ ተተክሏል። የሚተክል ሰው ብዙ ነው፤ በበጋ ውኃ የሚያጠጣ፥ ፍየል የሚከለክል ግን ጥቂት ነው። ከተማው ሪባን ለመቍረጥ ያዘጋጀውን ገንዘብ ለአንድ አትክልተኛ የዓመት ደመወዝ ቢያደርገው ብልህነት ነው። አትክልተኛውም ከጡረተኞቹ መካከል ቢመረጥ መልካም ነው፤ ንብና ዛፍ የሚያውቅ ሽማግሌ ሥራ ፈትቶ በደጅ ተቀምጧልና።

ቦንጋ በቀድሞ ዘመን የካፋ ነገሥታት ከተቀመጡባቸው ሥፍራዎች አንዷ ነበረች። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ይባል ነበር፤ መንግሥቱም ያለቀው በ1890 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያ መንግሥት ንጉሡ ብቻውን አይፈርድም ነበር፤ «ምክረቾ» የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች ነበሩት። ዛሬ በከተማዋ ውስጥ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለ፤ በዚያ የቈየ ዕቃ ይታያል። ዕቃው ግን አይናገርም። ከአያቶቻቸው የሰሙትን የሚናገሩት ሽማግሌዎች ናቸው፤ የሚጽፉትም ልጆች ናቸው። አንድ የትምህርት ቤት ክፍል በወር አንድ ጊዜ ወደ ዳሱ ወርዶ የአንድ ሽማግሌ ወይም የአንዲት ባልቴት ታሪክ ቢጽፍ፥ በዓመት ዐሥር ታሪክ ይኖረዋል። ንባብን ለሚማር ልጅ ከራሱ ሰፈር ከተጻፈ ታሪክ የሚሻል መጽሐፍ አይገኝም።

ይህን ሁሉ ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ መሬት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በፕላኑ ላይ በአረንጓዴ የተቀባውን ሥፍራ በመሬቱ ላይ በድንጋይ ምልክት ያስወስን፤ ስፋቱንም በሰሌዳ ጽፎ በሥፍራው ያቁም፤ ለሕንፃ የሚጠይቅ ሁሉ አስቀድሞ ሰሌዳውን ያንብብ። ምልክቱ በሚተከልበት ቀን የሰፈሩ ሽማግሌዎችና የትምህርት ቤቱ ልጆች አብረው ይቁሙ። ሽማግሌዎቹ ድንበሩ የት እንደ ነበረ ይመሰክራሉ፤ ልጆቹም ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያስታውሳሉ።